ሸክላው ይመስክር፦ የጋያ ታሪክ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ

መግቢያ

መተማ የሚለው ስም ሲነሣ ብዙው አንባቢ ወዲያው የሚያስታውሰው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የተደረገውን ጦርነትና የአጤ ዮሐንስ 4ኛን መውደቅ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ምድር ከጦርነቱ በፊትም ሆነ በኋላ ሰዎች ኖረዋል፤ ነግደዋል፤ ቡና አፍልተዋል፤ ትምባሆም አጭሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሸክላ፣ ከቅልና ከሸንበቆ ተሠርቶ ጋያ እየተባለ የሚጠራውን የማጨሻ ዕቃ ታሪክ መመርመር ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነኝ በትምህርት ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አስተያየት ነው። ስለ ቃል ሀብታችን በምንወያይበት ጊዜ «ጋያ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ ቃሉን አያውቁትም። የሚያውቁትም «የሺሻ ዓይነት ነው፤ ከሱዳን የመጣ ነው» ይላሉ። በዚህ አነጋገር መሠረት ሺሻ ዋናው፣ ጋያ ግን የእሱ ድሃ ቅጂ መሆኑ ነው። መተማ የጠረፍ ከተማ ስለሆነችም ነገሩ ሁሉ ከወንዙ ማዶ የተሻገረ ይመስላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው በተቃራኒው ነው። ሺሻ እንግዳ ነው፤ ጋያ ግን ባላገር ነው። እንዲያውም ጋያ ትምባሆ ራሱ ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት የነበረ ዕቃ ነው። ለዚህ ሁለት ምስክሮች አቀርባለሁ፤ አንደኛው ቋንቋው፣ ሁለተኛው ሸክላው ነው። ከዚያም የጽሑፍ ታሪካችን ስለዚህ ዕቃ ለምን ዝም እንዳለ ለማሳየት እሞክራለሁ።

1. ዕቃውና አሠራሩ

ጋያ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ውሃ የሚይዘው ቅል ነው። ሁለተኛው በቅሉ ጎን ተበስቶ በሚወጣው ቀዳዳ ወደ ውሃው የሚዘልቀው ሸንበቆ ነው። ሦስተኛው በሸንበቆው አናት ላይ የሚቀመጠው፣ ትምባሆውና ፍሙ የሚያርፉበት ትንሽ የሸክላ ጽዋ ነው። አጫሹ አፉን በቅሉ አንገት ላይ አድርጎ ሲስብ ጭሱ በሸንበቆው ወርዶ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ እየተንቦጫቦጨም ይወጣል። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከመርዙ አያጠራውም። ይህን የምለው የዕቃውን ታሪክ መጻፍ ዕቃውን ማመስገን እንዳይመስልብኝ ነው።

ከሦስቱ ክፍሎች ለታሪክ አጥኚ ዋነኛው የሸክላው ጽዋ ነው። ቅልና ሸንበቆ ፍም አይችሉም፤ ስለዚህ እሳት የሚያርፍበት ክፍል የግድ እሳት የለመደ ነገር መሆን አለበት። ሸክላ አስቀድሞ በእሳት ያለፈ ነው። ዕቃው ተጥሎ አፈር በለበሰ ጊዜም ቅሉ ይበሰብሳል፣ ሸንበቆውን ምስጥ ይበላዋል፣ ሸክላው ግን ይቀራል። ከመቶ ዓመታት በኋላ መሬት የሚቆፍር ሰው ከጋያ የሚያገኘው ይህንኑ ጽዋ ብቻ ነው።

ሺሻም ከዚሁ ሐሳብ የወጣ ነው። በቅሉ ፈንታ ብርጭቆ፣ በሸንበቆው ፈንታ ብረትና ረጅም ቱቦ ገብተዋል። ሺሻ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ብርጭቆ የሚል ትርጉም ካለው የፋርስ ቃል ነው። በውስጡ የሚጨሰው በማርና በመሰል ጣፋጭ ነገር የተለወሰ ትምባሆ ነው፤ በዐረብኛ «መዐሰል» መባሉም ማር ከሚለው ቃል የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ብርጭቆውና ብረቱ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ የእሳቱ ማረፊያ በብዙ አገር እስከ ዛሬ ሸክላ ነው። ግብፃውያን ይህን ጽዋ «ድንጋይ» በሚል ቃል ይጠሩታል። ሁሉም ነገር ሲለወጥ ያልተለወጠው ይህ የሸክላ ክፍል ነው።

2. የቋንቋው ምስክርነት

አዲስ ነገር ወደ አንድ አገር ሲገባ ብዙውን ጊዜ ስሙን ይዞ ይገባል። ራዲዮ፣ ባቡር፣ ሲጃራ የሚሉት ቃላት ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። በዚህ መሠረት «ትምባሆ» የሚለውን ቃል ብንመረምር ተክሉ በየትኛው መንገድ እንደመጣ ይነግረናል። እንደሚታወቀው ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ከኮሎምበስ የ1492 እ.ኤ.አ. ጉዞ በፊት በአፍሪካም ሆነ በእስያ አልነበረም። ስፓኞችና ፖርቱጋሎች «ታባኮ» ይሉታል፤ በዚህ አጠራር ውስጥ «ም» ወይም «ን» የለም። ፋርሶች ግን «ተንባኩ»፣ ዐረቦች «ቱንባክ»፣ ሕንዶችም ከዚህ ጋር የተቀራረበ ስም ይሉታል። የአማርኛው «ትምባሆ» ያቺን የአፍንጫ ድምፅ ይዟል። ስለዚህ ቃሉ ከፖርቱጋሎች አፍ በቀጥታ የተወሰደ ሳይሆን በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች በኩል የመጣ ነው ማለት እንችላለን።

አሁን ወደ ዕቃው ስም እንመለስ። የውሃ ማጨሻ በዓለም ላይ የታወቁ ስሞች አሉት። ቱርኮችና ሶርያውያን «ናርጊሌ» ይሉታል፤ ይህም ኮኮናት ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን ዕቃው ከኮኮናት ቅርፊት ይሠራ እንደነበር ያስታውሳል። ፋርሶች «ቃልያን»፣ ሕንዶች «ሑቃ»፣ ግብፃውያን «ሺሻ» ይሉታል። «ጋያ» ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር አይመሳሰልም። በአንጻሩ በኦሮምኛም ዕቃው በዚሁ ስም ይታወቃል። ቃሉ በአገር ውስጥ በብዙ ሕዝብ አፍ የተሰራጨ፣ ከባሕር ማዶ ግን ዘመድ የሌለው ነው። በአማርኛ ጆሮ ደግሞ «ጋየ» ከሚለው፣ በእሳት መንደድንና መቃጠልን ከሚገልጸው ግሥ ጋር ጎን ለጎን ይሰማል።

ከዚህ የምናገኘው ፍሬ ነገር ግልጽ ይመስለኛል። የሚጨሰው ነገር የውጭ ስም አለው፤ የሚጨስበት ዕቃ ግን የአገር ስም አለው። ዕቃው ከትምባሆው ጋር አብሮ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ስሙም አብሮ በመጣ ነበር። ጭነቱ እንግዳ፣ አጋሰሱ የአገር ነው።

እንዲህ ያለው ማስረጃ ብቻውን ክርክር አይዘጋም። ቃል ይፈልሳል፤ አንዱ ስም ለሌላ ነገር ይሰጣል። ስለዚህ ሁለተኛውን ምስክር እንጥራ።

3. የጣና ዙሪያ ዋሻ

ከመተማ ደጋውን ወጥተን ጣናን ብንሻገር፣ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባለው የቀድሞው የበጌምድር ምድር ላሊበላ ዋሻ የሚባል ስፍራ እናገኛለን። ይህ ዋሻ የላስታው ላሊበላ አለመሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እፈልጋለሁ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባሉት አርኪዮሎጂስት ይህንን ዋሻና ናጫቢየት የተባለውን ሌላ ዋሻ ቆፍረው ነበር። ቁፋሮው ይበልጥ የታወቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የገብስና የሽምብራ ዘሮች ስለተገኙበት ነው። የእርሻ ታሪካችንን የሚጽፉ ሁሉ ይጠቅሱታል።

ከላይኛው ንብርብር ግን ሌላም ነገር ወጥቷል፤ ይኸውም ሁለት የሸክላ ማጨሻ ጽዋዎች ናቸው። ኒኮላስ ቫን ደር መርቨ የተባሉ ተመራማሪ በጽዋዎቹ ውስጥ የቀረውን ጥላሸት በኬሚካዊ ዘዴ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተሙ። ውጤቱ ሦስት ነገሮችን ይናገራል። አንደኛ፣ ጽዋዎቹ የውሃ ማጨሻ ክፍሎች ናቸው። ሁለተኛ፣ የተጨሰባቸው ትምባሆ ሳይሆን ካናቢስ፣ ማለትም በተለምዶ ሐሺሽ የምንለው ነገር የሚገኝበት ተክል ነው። ሦስተኛ፣ በራዲዮካርቦን የተለካው ዕድሜያቸው 1320 እ.ኤ.አ. ሲሆን ልኬቱ 80 ዓመት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊል ይችላል።

1320 እ.ኤ.አ. አጤ ዓምደ ጽዮን የነገሡበት ዘመን ነው። ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት 170 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። በተለምዶ ሲነገር የኖረው ታሪክ የውሃ ማጨሻን የፈለሰፈው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሕንድ በንጉሥ አክባር ቤተ መንግሥት የነበረ ፋርሳዊ ሐኪም ነው ይላል። የበጌምድሩ ሸክላ ከዚህ ሐኪም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል።

ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። በዋሻ ቁፋሮ ትንሽ ነገር ከላይኛው ንብርብር ወደ ታችኛው ሾልኮ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ የዓመቱ ቁጥር ሊዋዥቅ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን የጥላሸቱ ምስክርነት ከዓመቱ ቁጥር የተለየ ነው። በጽዋው ውስጥ የተገኘው የአሜሪካ ተክል ሳይሆን ከእስያ ተነሥቶ በንግድ መንገዶች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባ ጥንታዊ ተክል ነው። ይህ ዕቃው ከትምባሆ ውጭ የራሱ ሕይወት እንደነበረው ያሳያል። ቋንቋው የነገረንን ሸክላው ደገመው፤ ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ሰጡ ማለት ነው። በኋላ ትምባሆ በቀይ ባሕር በኩል ሲደርስ የተዘጋጀ ማጨሻ ቆየው፤ በውስጡም ገባ።

4. መተማ፦ የመገናኛ ስፍራ

ጋያ በደጋው ተዳክሞ በቆላው ለምን ቆየ? መልሱ ያለው በመተማ ገበያ ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል።

ከጎንደር በጭልጋ አድርጎ ወደ ስናር የሚወርደው መንገድ ጥንታዊ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1772 ከኢትዮጵያ የወጣው በዚሁ ቆላ፣ በዚያን ጊዜ ራስ ፊል በሚባለው አገር በኩል ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከዳርፉርና ከዚያም ባሻገር የመጡ፣ ብዙዎቹ ከመካ ሲመለሱ የቀሩ፣ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች በዚህ ስፍራ ሰፈሩ። ገበያውን ያቆሙትና ያሳደጉትም እነሱ ናቸው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 ወደዚያ በደረሰ ጊዜ የተክሩሮቹ ሹም ለሁለቱም ወገን፣ ለኢትዮጵያም ሱዳንን ይገዛ ለነበረው ለግብፅም፣ ይገብር እንደነበር ጽፏል። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና ባሪያ ይወርዳል፤ ከማዶው ጥጥና የባሕር ማዶ ሸቀጥ ይመጣል።

በዚህ ቆላ የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ዓይነት ነው። ጉሙዙ፣ ቅማንቱ፣ አማራው፣ ተክሩሩና ሱዳናዊው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ጋያን በሰፊው ይዞ የቆየው ጉሙዝ ነው። በጉሙዝ ዘንድ የቅል ማጨሻ ለወንድ ብቻ የተፈቀደ አይደለም፤ ሴቶችም ያጨሱበታል። ይህ ከደጋው ልማድ በጣም የራቀ ነው። በደጋው ሴት ማጨሷ ነውር፣ ወንድም ቢሆን ለካህን የማይነግረው ጉዳይ ነበር። በገበያው ግን የአንዱ ነውር ለሌላው ልማድ ነው፤ ገበያም ነውርን አይጠይቅም። ድንበሩ ራሱ በውል የተሰመረው ቆይቶ ነው። አጤ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ስምምነት መተማ ወዲህ፣ ገላባት ወዲያ ሆኑ። ጋያ ከዚህ መስመር በፊት በሁለቱም ወገን የነበረ ዕቃ ስለሆነ «ከየትኛው ወገን ተሻገረ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ከ1894 ዓ.ም. ወዲህ የተፈጠረ ጥያቄ ነው።

5. ሁለት ክልከላዎች በአንድ የጦር ሜዳ

ትምባሆ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ የተጠላ ነበር። ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ይህ ትረካ በሥነ ቃል ጥናት ዓይን ሲታይ ድንቅ ነገር ነው፤ ከአሜሪካ የመጣን ተክል በአራተኛው ክፍለ ዘመን ከነበረ መናፍቅ ጋር በማገናኘት ለአዲሱ እንግዳ ጥንታዊ ጥፋት ይሰጠዋል። አጤ ዮሐንስም ትምባሆን በአዋጅ ከለከሉ። በዘመኑ ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ሰዎች እንደጻፉት ቅጣቱ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን እስከ መቁረጥ ይደርስ ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የማዶው ወገን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 በሱዳን የተነሣው መሐዲ መሐመድ አሕመድ እሱም ትምባሆን ከልክሎ ነበር፤ የሚያጨስ ሰው በጅራፍ ይገረፍ ነበር። ከእሱ በኋላ የተተካው ኸሊፋ አብዱላሂም ሥርዓቱን ቀጠለበት።

እንግዲህ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ፊት ለፊት የተገናኙትን ሁለት ሠራዊቶች እናስብ። በአንድ በኩል የአጤ ዮሐንስ፣ በሌላ በኩል በዘኪ ጠማል የሚመራው የድርቡሽ ሠራዊት ነበሩ። በሃይማኖት፣ በቋንቋ፣ በመንግሥት የማይስማሙት ወገኖች በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፤ ሁለቱም ትምባሆን በሃይማኖት ስም ከልክለዋል። ከአንድ ዓመት በፊት ድርቡሾች ጎንደርን አቃጥለዋል። በመተማ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ወደቁ። አሥር ዓመት ሳይሞላም የኸሊፋው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1898 በእንግሊዝና በግብፅ ጦር ፈረሰ። ሁለቱ ከልካዮች አለፉ፤ ጋያ ግን በቆላው ቀረ። የጠረፉ ከተማ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች፤ የከልካዩን ስም የያዘች ከተማ በተከለከለው ነገር መንገድ ላይ ተቀምጣለች።

የጽሑፍ ታሪካችን ዝምታ የሚገባንም እዚህ ላይ ነው። ብራና የሚይዙት እጆች የካህናትና የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ነበሩ። ለእነሱ ትምባሆ ሊነገር የሚችለው በኃጢአትነቱ ወይም በቅጣቱ ብቻ ነው። ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራው፣ በየስፍራው ምን እንደሚባል የሚጽፉበት ምክንያት አልነበራቸውም። የመከልከሉ ታሪክ ተጻፈ፤ የተከለከለው ነገር ታሪክ ግን ሳይጻፍ ቀረ።

6. ጀበናና ጋያ

ይህ ዕጣ የጋያ ብቻ ያልነበረ መሆኑን ለማሳየት አንድ ማነጻጸሪያ ላቅርብ። ጀበናም ሸክላ ነው። ጀበናም እሳትንና ውሃን ያገናኛል። ቡናም እንደ ትምባሆ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ የእስላም ነገር ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተነውሮ ነበር፤ ነውሩ በሰፊው የተነሣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአጤ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ጀበና ከነውር ወደ ክብር ወጣ፤ ዛሬ የእንግዳ አቀባበላችን ምልክት ሆኗል፤ በመተማም በገላባትም ስሙ ጀበና ነው።

ጋያ ግን ያን ዕድል አላገኘም። ለዚህ ጤናን የሚመለከት በቂ ምክንያት አለ፤ ትምባሆ ቡና አይደለም። ሌላው ምክንያት ሲጃራ ነው። ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የትምባሆ ንግድ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ገብቶ የፋብሪካ ሲጃራ እየተስፋፋ ሲሄድ ጋያ የኋላ ቀር ሰው ዕቃ ተደርጎ ተቆጠረ። ከዚያም ከ1980ዎቹ ወዲህ ሺሻ በከተሞች ሲገባ የውሃ ማጨሻ እንደ አዲስ ነገር ታየ። የየካቲት 2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በትምባሆ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ሲያደርግ ሺሻንም አግዷል። አዋጁን እደግፋለሁ። ነገር ግን ለሦስተኛ ጊዜ የሚጻፈው የመከልከሉ ታሪክ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ።

7. ሠሪዎቹ

ስለ ሸክላ ስንናገር ስለ ሠሪዋ መናገር ግድ ነው። በጎንደር አካባቢ የሸክላ ሥራ በአብዛኛው በሴቶች እጅ የነበረ ሲሆን ከእነዚህም የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን የምትገኘው ወለቃ በዚህ ሥራ ስሟ ይጠራል። ሥራቸውን ሁሉ ይፈልገው ነበር፤ እነሱን ግን ሁሉ ይንቃቸው ነበር፤ «ቡዳ» የሚል ስም ለሸክላ ሠሪና ለቀጥቃጭ የተሰጠ ነበር። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ተረት ስለ ድህነታቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ክብራቸው ማጣትም የሚናገር ነው።

ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ሌሎቹም በ1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሄዱ። ወደ ሱዳን የወረዱት በእግራቸው ያቋረጡት ይህንኑ ምዕራባዊ ቆላ ነው። ከእነሱ ጋር የሄደው የእጅ ሙያ ብቻ አይደለም፤ የሸክላው ሥራ ቋንቋም አብሮ ሄዷል። አፈሩ፣ ማለስለሻው ጠጠር፣ የአተኳኮሱ ደረጃ፣ የጉድለቱ ዓይነት ሁሉ ስም ነበረው። ከዚያ ሁሉ በመዝገበ ቃላቶቻችን የገባው ጥቂቱ ነው።

በቆላውም ነገሩ ፈጥኖ እየተለወጠ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሠፈራ ብዙ የደጋ ሰው ወደ መተማና ወደ ቋራ ወርዷል። በየዓመቱም ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከየአገሩ ይጎርፋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በመተማ በኩል ብዙ ስደተኛ ገብቷል። ሰው በተቀላቀለ ቁጥር አዲስ ቃል ይመጣል፤ አሮጌውም ይረሳል። ፕላስቲክ ቅልን፣ ብረት ሸክላን በተካ ቁጥር ከዕቃው ጋር ስሙ ይሄዳል።

መደምደሚያ

ከላይ ለማሳየት የሞከርኩት የሚከተለውን ነው። ጋያ የሺሻ ቅጂ አይደለም። ስሙ ከባሕር ማዶ ስሞች ጋር አይዛመድም፤ የዚህ ዓይነቱ የሸክላ ጽዋም ከጣና በስተምሥራቅ ከትምባሆ በፊት ነበር። መተማ ከማዶ የመጣ ነገር የገባባት በር ብቻ ሳትሆን የአገር ልማድ ከክልከላ የተጠለለባት ስፍራ ናት።

ይህ ለትምህርት ክፍላችን የሚያመጣው ሥራ አለ። የተጻፈውን ብቻ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ አድርገን ስንወስድ ጸሐፊዎቹ የናቁትን ሁሉ አብረን እንንቃለን። ስለዚህ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ስለ ሸክላ ሥራና ስለ ማጨሻ ዕቃ የሚነገሩት ቃላት፣ በአማርኛም በጉሙዝኛም፣ አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ መሰብሰብ አለባቸው። በየቤተ መዘክሩ ያሉት የሸክላ ስብርባሪዎችም «የወጥ ቤት ዕቃ» ተብለው በጅምላ ከመመዝገባቸው በፊት ውስጣቸው ጥላሸት ያለ እንደሆነ ይታይ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ማንም ማጨስ አያስፈልገውም፤ ማንንም እንዲያጨስ መምከር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጎንበስ ብሎ ገሉን ማንሳት ነው።